ሕፃን የሚውልበት ቤት

ማታ ልጃቸውን ሊወስዱ የሚመጡ ወላጆች ሁለት ጥያቄ አያጡም። «በላ?» ይላሉ። ቀጥለው «አላስቸገረም?» ይላሉ። ሁለተኛውን ሲጠይቁ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ልጃቸው ሲያለቅስ ውሎ ሰው ያማረረ ይመስላቸዋል። «ኧረ ጨዋ ነው፣ ድምፁም አይሰማ» ከተባሉ ፊታቸው ይበራል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ድምፁ የማይሰማው ነው። የስምንት ወር ሕፃን ቀኑን ሙሉ ማንንም ሳይጣራ ከዋለ ወይ አሞታል፣ ወይ ርቦታል፣ ወይ ደግሞ ቢጣራ የሚመጣ ሰው እንደሌለ ለምዷል። ሕመሙና ረሃቡ ቶሎ ይታወቃሉ። ሦስተኛውን ግን ማንም ልብ ሳይለው ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንዲት ትንሽ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው። ቤቴ ደሴ ነው። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ መልሼ እወጣለሁ። ይህን የምጽፈው ልጃቸውን ማቆያ ለማስገባት ለሚያስቡ፣ አስገብተውም ልባቸው ላላረፈ ወላጆች ነው። በዚሁ ሥራ ላይ ያሉ እህቶቼም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ኮምቦልቻ ድሮም የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ብዙ ወጣት ሴቶች ከየገጠሩ ለሥራ መጡ። አብዛኞቹ እዚሁ ትዳር ይዘው እዚሁ ወለዱ። አያት ሩቅ ናት፤ ጎረቤቷም ራሷ ሥራ ትውላለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ማለትም 1156/2011፣ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት 90 ቀን ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ሕፃኑ የሚመጣው ገና በሦስት ወሩ፣ በአራት ወሩ ነው። አንገቱን እንኳ በደንብ ያልያዘ ልጅ ነው።

«ታዲያ እንዲህ ያለ ልጅ ምን ይማራል?» ይሉኛል። እኔም አንድ ነገር እንዲያዩ እጋብዛቸዋለሁ። ዳይፐር ሲቀየር እንዲያዩ።

አንዲት ሞግዚት አለችን። ትልቅ ሰው ናት፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። የሰባት ወር ልጅ ልትቀይር ስትል ከኋላ መጥታ ብድግ አታደርጋትም። መጀመሪያ ፊት ለፊቷ ትቀመጣለች። ሁለት እጇን ትዘረጋለች። «ነይ የኔ እናት፣ ላነሳሽ ነው» ትላታለች። ከዚያ ትጠብቃለች። ልጅቷ እጆቹን ታያለች፣ ቀና ብላ ፊቷን ታያለች፣ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ ትከሻዋን ወደ ፊት ትሰጣለች። ያኔ ነው የምትነሳው። ከተጋደመች በኋላም ወሬው አይቋረጥም። «እግርሽን ስጪኝ። አዎ፣ እሱን። አሁን ደግሞ ያንን። ውሃው ቀዘቀዘሽ አይደል? በረደሽ፣ አየሁሽ።» ልጅቷ «አግግ» ትላለች። እትዬ እጇን አቁማ «እህ? እውነትሽን ነው?» ትላታለች። ልጅቷ እንደገና ትመልሳለች። ቀስ በቀስ ይህች ልጅ «እግርሽን» ስትባል፣ ማንም ሳይነካት፣ እግሯን ማንሳት ለመደች።

እዚህች አምስት ደቂቃ ውስጥ ያለውን ልቁጠረው ብል አይበቃኝም። ቋንቋ አለ። ተራ መጠበቅ አለ። የገዛ አካልን ማወቅ አለ። ከሁሉ በላይ ግን «እኔ ስናገር ሰው ይሰማኛል» የሚለው አለ። አንድ ሕፃን በቀን ስንት ጊዜ ዳይፐር ይቀየርለታል? ስንት ጊዜ ይጎርሳል? ስንት ጊዜ ይታጠባል፣ ይለብሳል? የሕፃን ቀን በአብዛኛው የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ይሄ ሁሉ በዝምታና በጥድፊያ ካለፈ፣ በኋላ «የጨዋታ ሰዓት» ተብሎ አሻንጉሊት ቢደረደር ያመለጠውን አይተካውም።

ሐንጋሪያዊቷ የሕፃናት ሐኪም ኤሚ ፒክለር ይህን ከብዙ ጊዜ በፊት አይታዋለች። በ1946 እ.ኤ.አ. ቡዳፔስት ውስጥ ወላጅ ላጡ ሕፃናት ማሳደጊያ ከፈተች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ማብቃቱ ነበር። የሚያሳድጓቸው ሰዎች ልጆቹን ሲያጥቡና ሲመግቡ እንዳይቸኩሉ፣ የሚያደርጉትን ቀድመው እንዲነግሯቸውና መልሳቸውን እንዲጠብቁ አሠለጠነቻቸው። የእኛዋ እትዬ ስለ ፒክለር ሰምታ አታውቅም። ልጅ ያሳደገች ሴት ስለሆነች ታውቀዋለች። እኔ የምሻው ይህ እውቀት የአንዲት ደግ ሴት ጠባይ ሆኖ እንዳይቀር ነው። አዲስ ሞግዚት ስትቀጠር በመጀመሪያው ሳምንት የምትማረው ሥራ ይሁን።

ቀጥሎ የማነሳው ወለል ነው። ቀላል ነገር ቢመስልም ብዙ የምንከራከርበት እሱ ነው።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከእሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። መንገዱ አጭር ነው፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። ደሴ የሚውል ሕፃን በሹራብ ላይ ሹራብ፣ በዚያ ላይ ብርድ ልብስ፣ በዚያ ላይ ኮፍያ ተደርጎለት ተጠቅልሎ ይውላል። ልክ ነው፣ ይበርዳል። ግን ክንዱን ማጠፍ ያቃተው ልጅ እንዴት ይዳህ? ሲሚንቶ ወለል ላይ ደግሞ ማን ደፍሮ ያስተኛዋል? ስለዚህ ወይ ይታቀፋል፣ ወይ ይታዘላል፣ ወይ አልጋ ላይ ይውላል። ኮምቦልቻ ያለው ልጅ በሙቀቱ ቀለል ብሎ ይለብሳል፣ ባዶ እግሩን ይሆናል፣ ወለሉም አይቀዘቅዝም። እዚህ ደግሞ የሚከለክለው «ልብሱ ይቆሽሻል» የሚለው ነው።

ሁለቱም መፍትሔ አላቸው። ደሴ ላለው ማቆያ ፀሐይ የሚገባበትን ጥግ መምረጥ፣ ከታች ሰሌን ወይም ካርቶን፣ በላዩ ስፖንጅ፣ በላዩ ምንጣፍ ማድረግ ነው። ልጁን ከሦስት ሹራብ ይልቅ አንድ ወፈር ያለ ሱሪና ካልሲ ማልበስ። ክፍሉን በከሰል ለማሞቅ ግን እንዳታስቡ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል፤ ሕፃን ደግሞ ቶሎ ይጎዳል። ቡናውም ቢሆን ልጆቹ ከሚድሁበት ክፍል ውጭ ይፈላ። የሚድህ ልጅና የጋለ ጀበና አንድ ቤት መዋል የለባቸውም። ኮምቦልቻ ላሉ ወላጆች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ለማቆያ አሮጌ ልብስ አልብሷቸው። ጉልበቱ ላይ የተነጨ ሱሪ የደህና ቀን ምልክት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ነቅቶ ሳለ በቀን ውስጥ በድምሩ ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ ተኝቶ እንዲጫወት ይመክራል። በአንዴ 30 ደቂቃ ማለት አይደለም። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ እያሉ ማጠራቀም ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ልጁ ያጉረመርማል። እኛ አብረነው መሬት ላይ እንተኛለን፣ ፊታችንን ከፊቱ ትይዩ አድርገን። ያኔ ለማየት ብሎ ጭንቅላቱን ያነሳል። አንገቱ፣ ትከሻው፣ ጀርባው የሚጠነክረው እንዲህ ነው። ለእንቅልፍ ሲሆን ግን ሁልጊዜ በጀርባው ነው የሚተኛው፣ ፊቱም ላይ ብርድ ልብስ አይደረብም።

ያው መመሪያ ሕፃን ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀስ ታስሮ እንዳይቆይ ይላል። ጋሪ ላይም ሆነ ወንበር ላይ፣ ጀርባ ላይ ታዝሎም ጭምር። ይህን ለእናቴ ስነግራት አልወደደችውም። «አንቺን ወፍጮ ቤት፣ ሰኞ ገበያ፣ ለቅሶ ቤት አዝዬ ነው ያሳደግኩሽ። ምን ጎደለሽ?» አለችኝ። «ምንም አልጎደለኝም እማዬ» አልኳት። እውነቴን ነው። እናቴ ጀርባ ላይ ሆኜ ገበያውን አይቻለሁ፣ ሰላምታውን ሰምቻለሁ፣ በርበሬውን አሽትቻለሁ። ቤት ስንደርስ ደግሞ እወርዳለሁ። ማቆያ ውስጥ ያለው መታዘል ሌላ ነው። ሞግዚቷ ሌሎቹን ስትመግብ የሚያለቅሰውን ታዝለዋለች፤ ልጁ ያንኑ ግድግዳ እያየ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ይነቃል፣ እንደገና ይወስደዋል። ስለዚህ እኛ ልጁ ሲከፋው እናዝላለን፣ ሲረጋጋ እናወርዳለን። ማዘል ይቅር የሚል ሰው ካለ እኔ አብሬው የለሁም። የእናት ጀርባ ሙቀት ምትክ የለውም።

ዎከር ግን ይቅር። ባለ ጎማዋን መቀመጫ ማለቴ ነው። ልጁን ቶሎ አታስኬድም። ይልቁንም ከደረጃ ላይ ትወረውረዋለች፣ እጁ መድረስ የሌለበት ቦታ ታደርሰዋለች። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. እንዳይሸጥ ከልክላዋለች። እዚህ በልደት ስጦታ ትመጣለች። ለማቆያችን ሊሰጡን የመጡ ሰዎችን አመስግነን መልሰናል።

እዚህ ላይ ስለ «ዘገየ» ወሬም ልናገር። «የጎረቤቴ ልጅ በአሥር ወሩ ሄደ፣ የእኔ ዓመት ሞልቶት እስካሁን ዳዴ ላይ ነው» የምትል እናት በየጊዜው ትመጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች፣ ማለትም በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ ነበር። ውጤቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ወጣ። ያለ ድጋፍ መሄድ ከ8 ወር ጀምሮ እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ሲጀመር ጤናማ ነው። ከመቶ አራት ያህሉ ደግሞ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ነው የተነሱት። ልጁ 18 ወር ሞልቶት ካልሄደ፣ ወይም ይችል የነበረውን ከተወ ጤና ጣቢያ ይታይ። ከዚያ በፊት ግን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ማስኬድም፣ በትራስ ደግፎ ማስቀመጥም አያስፈልግም። መሬቱን ስጡት፣ ራሱ ይነሳል።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ ልምጣ። ወላጆች ማቆያ ሲጎበኙ ቀድመው የሚያዩት እነሱን ነው። ብዙ ቀለም ያለው ፕላስቲክ፣ ባትሪ የሚበላ፣ ብቻውን የሚዘፍን። እንዲህ ያለው አሻንጉሊት ሁሉንም ራሱ ይሠራል፤ ለልጁ የሚቀረው ማየት ነው።

እኛ አንድ ቅርጫት አለን። ዝቅ ያለ፣ አፉ ሰፊ፣ የማይገለበጥ። እዚያ ውስጥ የእንጨት ማንኪያ አለ፣ ማማሰያ አለ፣ ትንሽ የስንደዶ ሙዳይ አለ። ጭልፋ፣ የልብስ ብሩሽ፣ ግማሽ ቅል፣ ቁራጭ ነጠላ፣ አንድ ትልቅ ሎሚ። ይህን ዘዴ ያስለመደችው ኤሊኖር ጎልድሽሚድ የተባለች እንግሊዛዊት ናት። መቀመጥ የቻለ፣ መዳህ ግን ያልጀመረ ልጅ ፊቱ ይደረግለታል። ትልቁ ሰው አጠገቡ ይቀመጣል፣ ግን አያስተምረውም፣ አያቀብለውም። እዚያው መኖሩ ይበቃል።

አንድ ልጅ ቅሉን ሲያገኝ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ በአፉ ሞከረው። ጠርዙን በምላሱ ዞረው። ከዚያ ገለበጠው፣ ውስጡን አየ፣ እጁን ከተተ። ማንኪያውን አነሳና መታው። ድምፁን ሲሰማ ቆመ። ምንጣፉን መታ፣ ያ ድምፅ አልመጣም። ወደ ቅሉ ተመለሰ፣ መታው፣ መጣ። ቀና ብሎ አየኝ። «ሰማሁት» አልኩት። እንደገና ጎንበስ አለና ሥራውን ቀጠለ። ለረጅም ጊዜ ድምፁ አልተሰማም። እንዲህ ያለውን ዝምታ ግን አልፈራውም። የእጁ ሥራ ይታያል፣ ሲፈልግም ቀና ብሎ ሰው ያገኛል።

ጥንቃቄው የዋዛ አይደለም። የሶፍት ጥቅልል ሲያልቅ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ አትጣሉት። በእሱ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ለሕፃን ያንቃል፣ አይሰጥ። ቆርኪ፣ ሳንቲም፣ የልብስ ቁልፍ፣ የሰዓት ባትሪ እንዳይገኝ። ቆሎና ለውዝም ቢሆን ከሕፃናት ክፍል ይራቅ። «አንድ ፍሬ ብትቀምስ ምን ትሆናለች» የሚል እንግዳ አይጠፋም፤ በትህትና ግን ቁርጥ ባለ ቃል መከልከል ነው።

«ይሄ ሁሉ የድሃ አሻንጉሊት ነው» ያለኝ አባት ነበር። አልተቀየምኩም። ስለ ጃማይካ ነገርኩት። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ሳሊ ግራንታም-ማክግሬገር የተባለች ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ኪንግስተን ከተማ ውስጥ 129 ሕፃናትን መረጠች። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር ነው። ሁሉም በምግብ እጥረት የቀነጨሩ ነበሩ። ለከፊሎቹ የሠፈር ጤና ረዳቶች በሳምንት አንድ ጊዜ ቤታቸው እየሄዱ ለአንድ ሰዓት ከእናትየውና ከልጁ ጋር ይጫወቱ ነበር። ለሁለት ዓመት። መጫወቻው ከተጣለ ፕላስቲክና ካርቶን በእጅ የተሠራ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ሲታይ፣ እነዚህ ልጆች ጨዋታው ካልደረሳቸው አቻዎቻቸው ይልቅ ገቢያቸው በ25 ከመቶ በልጦ ተገኘ። አቤት! በሳምንት አንድ ሰዓት ነው እኮ።

ይህ ጉዳይ የእኛ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አማራ ክልል ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች ከመቶ 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። ለእነሱ ምግቡ ይቅደም፣ ማንም አይከራከርም። ግን ከገንፎው ጋር ጨዋታው አብሮ ይሁን።

ስለዚህ እኛ የሃይላንድ ጠርሙስ እንሰበስባለን። በአንዱ ምስር፣ በአንዱ ቀለም ያለው ውሃ፣ በአንዱ አሸዋ። ክዳኑ በሙጫ ይታሸጋል፣ በየሳምንቱም እንፈትሸዋለን። ዓመት ከሞላቸው በኋላ ፍላጎታቸው ይቀየራል። መግፋት፣ መጎተት፣ መሙላት፣ መድፋት ነው። ባዶ ካርቶን ሲገፉ ይውላሉ። የዳቦ ሊጥ ቁራሽ ከተሰጣቸው ይጠፈጥፋሉ። ኮምቦልቻ ሲሞቅ አንድ ሳፋ ውሃ፣ ሁለት ጣሳና ስፖንጅ እናወጣለን። ከዚያ በላይ ደስታ አላየሁም። ግን ሳፋው ወጥቶ ሳለ አንዲት ሞግዚት ከአጠገቡ ንቅንቅ አትልም። ትንሽ ውሃም ቢሆን ሕፃን ይሰጥምበታል። ጨዋታው ሲያበቃ ወዲያው ይደፋል።

በዜማማ ወሎ ማን ይችለናል! ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የዚሁ የእኛ አገር ቦታዎች ስም ነው። እኛ ጋ አንዷ ሞግዚት ሕፃን ስታስተኛ መንዙማ ታንጎራጉራለች። ሌላዋ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር። እሹሩሩን ሁሉም ይችሉታል። ለሕፃን ከሰው አንደበት የሚወጣ ዜማ ልዩ ነው። ዝግ ይላል፣ ይደጋገማል፣ ከሚወዛወዘው ሰውነት ጋር ይሄዳል። ሞግዚቷ ስታቆም ልጁ ዓይኑን ይገልጣል። «ልቀጥል?» ትለዋለች። እግሩን ያራግባል። ቀጠለች። ከስልክ የሚወጣ ዘፈን ይህን አይጠይቅም።

ሞግዚቶቹን የማበረታታው የራሳቸውን እንዲያመጡ ነው። ፊትን በነጠላ ሸፍኖ «የት ሄድኩ?» ብሎ መግለጥ ማንም የሚችለው ጨዋታ ነው። ስምንት ወር አካባቢ ያለ ልጅ የተሸፈነው ነገር እንዳልጠፋ ገና እያወቀ ነው፣ ለዚህ ነው የማይሰለቸው። ጠዋት ፀሐይ ስናሞቃቸው ደግሞ የሚያልፈውን ሁሉ ስም እንጠራለን። ባጃጅ፣ አህያ፣ ቁራ። ልጁ የጠቆመውን እኛ እንናገራለን። እኛ የፈለግነውን እንዲያይ አገጩን አናዞርም። ልጁ ራሱ ያየውን ነገር ስም ቶሎ ይይዛል።

አንዳንድ እናቶች ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው። «አማርኛው እንዳይምታታበት ቤት ኦሮምኛውን ልተወው?» ብለው ይጨነቃሉ። አትተዉት። ሕፃን ሁለት ቋንቋ አብሮ መያዝ ይችላል፣ በዓለም ላይ ብዙ ልጆች የሚያድጉትም እንዲህ ነው። እናት ልቧ የሚናገርበትን ትናገር። እኛ ደግሞ «ና»፣ «ውሃ»፣ «እናትህ ትመጣለች» የሚሉትን ከእሷ ተምረን ልጁ ሲከፋው በእሷ ቋንቋ እንለዋለን።

ስለ ጠዋቱ መለያየትም ሳልናገር አላልፍም። ብዙ እናት ልጇ ሲጫወት ጠብቃ ሹልክ ብላ ትወጣለች። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ሺፍቱ አይጠብቅም፣ ለቅሶውም አንጀት ይበላል። ግን ልጁ ዞር ሲል እናቱ የለችም። በማግሥቱ ለመጫወት ዞር ማለት ይፈራል። ቀሚሷን ጨብጦ ይቀራል። ይህ ፍርሃት ከስምንት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ይበረታል፣ የጤናማ ፍቅር ምልክትም ነው። ስለዚህ ንገሩት። «እናትህ ሥራ ሄደች፣ ከተኛህ በኋላ ትመጣለች» በሉት፣ ሳሙት፣ ለአንዲት ለሚያውቃት ሞግዚት ስጡትና ሂዱ። ያለቅሳል። እኛ አቅፈነው «እናትህ ናፈቀችህ» እንለዋለን። «ዝም በል፣ ወንድ አያለቅስም» አንለውም። የእናትየው ሻሽ አብሮት ቢቀር ጠረኑ ይረዳዋል።

ስለ ቲቪ አጭር ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ዓመት ልጅም ቢሆን አይመክረውም፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ከአንድ ሰዓት አይለፍ ይላል፣ ባነሰ ይሻላል። ማቆያ ስትገቡ ቲቪው ሥር የተደረደሩ ዝምተኛ ሕፃናት ካያችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ። ሀሁም ይቆይ። የሁለት ዓመት ልጅ ፊደል ቢቆጥር ለእንግዳ ያምራል፣ ለእሱ ግን ተረቱና ሊጡ ይበልጡበታል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው እጅ ሲኖር ነው። እንግሊዝ አገር ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሕጉ ለሦስት ልጅ አንድ ሰው ይላል። እኛ አገር አንዲት ሞግዚት ስምንትና አሥር ሕፃን ይዛ ስትውል አይቻለሁ። ያቺ ሴት የቱንም ያህል ደግ ብትሆን «እግርሽን ስጪኝ» ብላ መጠበቅ አትችልም። ገና አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ያለቅሳል። ደመወዟ ደግሞ የቤት ኪራይ ከፍሎ አይተርፍም። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ያዩትን እሷም አይታለች። የራሷ ልብ ሳያርፍ የሰው ሕፃን ልብ እንድታሳርፍ እንጠብቃለን። ጥቂት ወር ሠርታ የተሻለ ስታገኝ ትሄዳለች። ልጁም ድምፁን የምታውቅለት፣ ሲርበውና ሲተኛ የምትለይለት ሰው ጠፋችበት። ከአዲስ ሰው ጋር እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ፋብሪካዎችም ቢያስቡበት የሚጠቀሙት ራሳቸው ናቸው፤ ልጇ ደህና የዋለላት እናት ከሥራ አትቀርም። ግን ክፍል መክፈት ብቻ አይበቃም። ለሞግዚቷ ሥልጠናና እንድትቆይ የሚያደርግ ደመወዝ ይመደብ። አንድ ሕፃን ለአንዲት ሞግዚት ይሰጥ፤ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባይቀያየሩበት መልካም ነው።

ማቆያ ለማየት የምትሄዱ ወላጆች ስለ አሻንጉሊቱና ስለ ግድግዳው ሥዕል ብዙ አትጠይቁ። «ልጄን የምትይዘው ማን ናት?» በሉ። እሷን አስጠርታችሁ «እዚህ ስንት ጊዜ ቆየሽ? ስንት ልጅ ነው የያዝሽው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ፣ አንድ ሕፃን ሲጣራ ማን ቀና እንደሚል እዩ።